የብሪያ ሳቫራን ቅርስ፦ ጥቅሱ ነው ወይስ መጽሐፉ?

የመጻሕፍት ጥግ (ውይይቱን የከፈተ)

«የምትበላውን ንገረኝ፣ ማን እንደሆንህ እነግርሃለሁ» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ወይም ስለ አመጋገብ በሚናገር ጽሑፍ መግቢያ ላይ ተጠቅሶ እናገኘዋለን፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ተዘንግቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ውይይት የከፈትሁት አባባሉ መጽሐፉን እንደሸፈነብን ስለማምን ነው። ዣን አንቴልም ብሪያ ሳቫራን ስለ ምግብ የጻፈ ትልቅ ጸሐፊ እንጂ ጥቅስ የተረፈው የምግብ አዋቂ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሰውየው በ1755 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቡዤ በሚባለው አገር፣ ቤሌ ከተማ ውስጥ ከሕግ ባለሙያዎች ቤተሰብ ተወለደ። ዲዦን ላይ ሕግ ሲያጠና ኬሚስትሪና ሕክምናም ጎን ለጎን ተከታትሏል። በ1789 የአገሩን ሰዎች ወክሎ በእንደራሴዎች ጉባኤ ተቀመጠ፤ በኋላም የቤሌ ከንቲባ ሆነ። የፈረንሳይ አብዮት ተቃዋሚ የተባሉ ሰዎች የሚገደሉበት የሽብሩ ዘመን ሲመጣ ሕይወቱን ለማትረፍ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ፤ ከዚያም አሜሪካ ተሻግሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ፈረንሳይኛ በማስተማርና በቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ቫዮሊን በመጫወት ኖረ። በ1796 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከ1800 ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞቱ በፓሪስ የሰበር ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። «የጣዕም ፊዚዮሎጂ» የተባለውን መጽሐፉን ለዓመታት ሲጽፍ ቆይቶ በ1825 መጨረሻ ላይ በራሱ ወጪ አሳተመው። ስሙን ግን አላወጣም፤ ደራሲው «አንድ ፕሮፌሰር» ነው ብሎ አለፈው። መጽሐፉ ለሕዝብ ከደረሰ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1826፣ አረፈ።

መጽሐፉን እንደ ምግብ አሠራር መመሪያ የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው። መጀመሪያ 20 አባባሎች ይመጣሉ፤ ከዚያ 30 «ተመስጦዎች» (ምዕራፎቹን የሚጠራበት ስም ነው) ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ልዩ ልዩ ወጎች የተሰበሰቡበት ክፍል አለ። ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ ጥማት፣ ስለ መጥበስ፣ ስለ እንቅልፍና ሕልም፣ ስለ ጾም፣ ስለ ሞት ሁሉ ይጽፋል። አጀማመሩ የዳኛ ነው፦ ነገሩን ይተረጉማል፣ ይከፋፍላል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያስቀምጣል። ከዚያ ድንገት አንድ ትዝታ ይነሣና ሥርዓቱን ሁሉ ያፈርሰዋል። የጸሐፊነቱ ጥበብ ያለው እዚህ መፍረሻ ላይ ይመስለኛል።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። በጥቅምት 1794 ሃርትፎርድ አጠገብ አንድ አሜሪካዊ ገበሬ ቤት ተጋብዞ አደን ይወጣል፤ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍም ይጥላል። ሲሰናበት ጋባዡ ስለ ነጻነት ረጅም ንግግር ያደርግለታል፤ የምንለብሰውን ልጆቼ ይሠሩታል፣ የምንበላውን መሬቴ ይሰጠናል፣ ግብሩም ከቁጥር አይገባም ይለዋል። ስደተኛው ዳኛ በመንገድ ላይ በዝምታና በሐሳብ ተውጦ ይጓዛል። አንባቢ ስለ አብዮቱና ስለ አገሩ ዕጣ የሚያሰላስል ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ወፉን እንዴት አድርጎ እንደሚጠብሰው ሲያስብ እንደነበር ይነግረናል። አገሩን ያጣ ሰው ሐዘኑን ሳይጠራው በዚህ ዝምታ ውስጥ አስቀምጦታል፤ እኔ ያንን ገጽ ባነበብሁት ቁጥር ከሳቁ ሥር ያለው ስደት ይታየኛል።

ሁለተኛው ስለ ውፍረት በሚናገርበት ክፍል ይገኛል። ኮምጣጤ መጠጣት ያለውን አደጋ እንደ ሐኪም ማስረዳት ይጀምርና ዲዦን ተማሪ ሳለ ስለሚያውቃት ሉዊዝ ስለምትባል ወጣት ወደ መናገር ይሻገራል። ልጅቷ ወፈርሽ መባልን ፈርታ በየማለዳው በስውር አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ ትጠጣ ኖሯል፤ ነገሩ ሲታወቅ መዳኛ አልነበረም፤ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ወይም ሞልቷት ብዙ ሳትቆይ አረፈች። ዕድሜውን ሁሉ ሳያገባ የኖረ ሽማግሌ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ስለ አመጋገብ ምክር በሚሰጥበት ገጽ መካከል ይህን ሲጽፍ የምክሩ ቃል ሌላ ክብደት ያገኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የዚህ ሰው ወራሾች ወጥ ቤት ውስጥ ያሉት ናቸው ወይስ ብዕር የያዙት? እኔ ብዕር የያዙት ናቸው እላለሁ፤ የሚቃወም ካለ በማስረጃ ይምጣ።

እንጦጦ ማዶ

ጽሑፉን በደስታ አነበብሁት፤ ነገር ግን ቅድሚያው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይገባል ባይ ነኝ። ብሪያ ሳቫራን ከመታተሙ ከሃያ ዓመት በፊት ግሪሞ ደ ላ ሬይንዬር «የምግብ ወዳጆች አልማናክ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ከ1803 እስከ 1812 ባለው ጊዜ ስምንት ቅጾች ወጥተዋል። ግሪሞ ከፓሪስ ሱቅ ሱቅ፣ ከሥጋ ቤት ኬክ ቤት እየዞረ ይጽፍ ነበር፤ ቀማሽ ዳኞች ሰብስቦም ነጋዴዎች የላኩትን ምግብ እያስቀመሰ ፍርዱን በአልማናኩ ያትም ነበር። ዛሬ የምግብ ቤት ሒስ የምንለው ሙያ ከነሙሉ አሠራሩ፣ ጸሐፊው ከነጋዴው ስጦታ ይቀበላል ከሚለው ሐሜት ጋር ሳይቀር፣ ከእርሱ የመጣ ነው።

ጊዜውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። አብዮቱ የመሳፍንቱን ቤት ሲበትን ወጥ ሠሪዎቻቸው ወደ ከተማ ወጥተው ሬስቶራንት ከፈቱ፤ ቀድሞም የነበሩት በረከቱ። አዲስ ሀብታም የሆነው ሕዝብ ገንዘብ ነበረው፣ የማዕድ ሥርዓት ግን አልተማረም። ግሪሞ የጻፈው ለዚህ ሰው ነው። ይህ ገበያ ባይኖር ኖሮ የብሪያ ሳቫራንም መጽሐፍ አንባቢ ባላገኘ ነበር። የመብል ጥበብን የሚያመለክተው «ጋስትሮኖሚ» የሚለው ቃል ራሱ በሰፊው የተለመደው በ1801 ዮሴፍ ቤርሹ ባሳተመው ግጥም አማካይነት ነው። ከሁለቱ በኋላ የመጣውን ሰው ብቻ የምግብ ጽሑፍ አባት ማድረግ ትክክል አይመስለኝም።

የመጻሕፍት ጥግ

እንጦጦ ማዶ፣ ስለ ግሪሞ ያሉት እውነት ነው፤ የሙያው መሥራችነት ለእርሱ ይገባል። እጆቹ ሲወለድ ጀምሮ ያልተሟሉ በመሆናቸው በሰው ሠራሽ መሣሪያ እየታገዘ ያን ሁሉ ገጽ መጻፉም ሊከበርለት ይገባል። ልዩነቱን ግን ላስረዳ። የግሪሞ አልማናክ በጊዜው ላለ ገዢ የተጻፈ ነው፤ የሚያወድሰው ኬክ ቤት ሲዘጋ ገጹም አብሮ ያረጃል። ዛሬ የሚያነበው በአመዛኙ የፓሪስን ታሪክ የሚያጠና ሰው ነው። ብሪያ ሳቫራን የትኛው ሱቅ ይሻላል ብሎ አይከራከርም ማለት ይቻላል፤ የሚጽፈው ስለሚበላው ሰው ነው።

ከመቅድሙ አንድ ነገር ልጥቀስ። «እኔ» ብዬ በነጠላ ስናገር ከአንባቢ ጋር እየተጨዋወትሁ ነውና አንባቢው ሊጠራጠር፣ ሊከራከር፣ ሊስቅም ይችላል፤ «እኛ» ስል ግን እንደ ፕሮፌሰር እያስተማርሁ ነውና መቀበል ነው ይላል። ይህን ቃል ኪዳን ካወቃችሁ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ብታነቡት ሁለቱ ድምፆች እንዴት እንደሚፈራረቁ፣ መቼም «እኛ» ሲበዛ «እኔ» ጣልቃ እየገባ ወጉን እንደሚያቀልለው ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ምግብ የጻፉ ሰዎች የወረሱት ይህን ድምፅ ነው።

ነጭ ወረቀት

ሁለት ከባድ ምስክሮች በእርሱ ላይ ስላሉ መነሣት አለባቸው።

አንደኛው ፈረንሳዊው ገጣሚ ቦድሌር ነው። በ1851 ስለ ወይንና ስለ ሃሺሽ በጻፈው ድርሰት መግቢያ ላይ ይህን ዝነኛ ሰው ታላቅ ሞኝ ብሎ ይጠራዋል፤ ምክንያቱም ስለ ምግብ ያን ያህል የጻፈ ሰው ስለ ወይን የሚለው ከኖኅ ታሪክ ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው የዘመኑ ታላቅ ወጥ ሠሪ አንቶናን ካሬም ነው። ካሬም ለመሳፍንትና ለዲፕሎማቶች ማዕድ ያዘጋጀ ባለሙያ ነው፤ እርሱም ብሪያ ሳቫራን መብላት የማያውቅ፣ ከባድና ተራ ምግብ ወዶ ሆዱን የሚሞላ ሰው ነበር ብሎ መስክሮበታል።

ገጣሚው ስሜት የለውም፣ ወጥ ሠሪው ምላስ የለውም ካሉት ምን ይቀረዋል? እኔ መልስ የምፈልገው በቅንነት ነው፤ መጽሐፉን ወድጄዋለሁና።

የመጻሕፍት ጥግ

ነጭ ወረቀት፣ ጥያቄው ትክክለኛ ቦታ ላይ አርፏል።

ቦድሌር ስለ ወይን ያለው ነቀፋ መሠረት አለው። ወይን በሚያፈራ አገር ተወልዶ፣ የራሱም የወይን ቦታ ይዞ፣ ስለ ወይን ያን ያህል ቁጥብ መሆኑ ያስገርማል። ነገር ግን ቦድሌር የሚፈልገው ሰውን ከራሱ የሚያወጣ፣ ሠራተኛውን ከድካሙ አንሥቶ ንጉሥ የሚያደርግ ስካር ነው። ብሪያ ሳቫራን ደግሞ ስካርን ይጸየፋል፤ ሆዳቸው እስኪታወክ የሚበሉና የሚሰክሩ ሰዎች መብላትም መጠጣትም አያውቁም ብሎ ከአባባሎቹ መካከል አስገብቶታል። ሁለቱ ስለ ሁለት የተለያየ ደስታ ይጽፋሉ። የዳኛው ደስታ ከሌሎች ጋር በማዕድ ዙሪያ መቀመጥ፣ መጨዋወት፣ እንግዳ መቀበል ነው። ሃያኛውና የመጨረሻው አባባል ሰውን መጋበዝ ማለት ከጣሪያችን ሥር እስካለ ድረስ የደስታውን ኃላፊነት መሸከም ነው ይላል። ለእኔ ከሃያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የሚጠቀሰው ግን አራተኛው፣ «የምትበላውን ንገረኝ» የሚለው ነው።

የካሬም ምስክርነት ስለ ሰውየው ሆድ እንጂ ስለ ዓረፍተ ነገሩ አይደለም። መብላት ባያውቅ እንኳ መጻፍ ያውቅ ነበር። እንዲያውም ይህ ምስክርነት ለክርክሬ ይረዳኛል፤ ካሬም ከወጥ ቤቱ ወገን ሆኖ «ይህ ሰው የእኛ አይደለም» ማለቱ ነውና።

የኬሚስትሪ መምህር

ስለ ሳይንሱ አንድ ቃል ልጨምር። ብሪያ ሳቫራን «ኦስማዞም» የተባለ ነገር ደጋግሞ ያነሣል። ስሙን በ1806 ያወጣው ኬሚስቱ ቴናር ሲሆን ከሥጋ የሚወጣውን፣ ለመረቅ ጣዕሙንና መዓዛውን ይሰጣል የተባለውን ክፍል ያመለክት ነበር። ዛሬ ኦስማዞም አንድ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር ተደርጎ አይታይም፤ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከጨው፣ ከጣፋጭ፣ ከኮምጣጣና ከመራራ ሌላ የመረቅ ጣዕም የሚባል ነገር አለ የሚለው ግምት ባዶ አልነበረም። በ1908 ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እንዲህ ያለውን ጣዕም የሚሰጠውን ግሉታሜትን ለይቶ ጣዕሙን «ኡማሚ» ብሎ ሲሰይም ያንን አቅጣጫ በሌላ መንገድ አረጋገጠ።

ስለ ውፍረትም ዋናው ተጠያቂ ዱቄትና ስታርች ያለበት ምግብ ነው ማለቱ በየዘመኑ እየተነሣ ይጠቀሳል። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ነቢይ ማድረጉን አልደግፍም። ያየው በገበታ ላይ ነው፤ የለካው ነገር የለም። የሚደነቀው አስተውሎቱ ነው፤ ስለ ምላስ፣ ስለ አፍንጫና ስለ መዋጥ ሲጽፍ ጣዕም ከመዓዛ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ያሳየበት ገጽ አሁንም ለተማሪ ሊነበብ የሚችል ነው።

ባለ ጀበና

እኛን በቀጥታ የሚነካው ስድስተኛው ተመስጦ ውስጥ ያለው የቡና ክፍል ስለሆነ እርሱን ላምጣው።

ብሪያ ሳቫራን የመጀመሪያው የቡና ተክል የተገኘው በዓረብ ምድር ነው ብሎ ጽፏል። በዘመኑ አውሮፓ ቡናን የምታውቀው በየመኑ የሞካ ወደብ በኩል ስለነበር እንዲህ ማሰቡ አያስደንቅም፤ ዓረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ የበቀለ መሆኑ ግን ዛሬ የተረጋገጠ ነው። የእረኛውንም ታሪክ ያነሣል። ይህ ታሪክ በአውሮፓ የታተመው በ1671 ፋውስቶስ ናይሮን ሮም ውስጥ ባወጣው መጽሐፍ ሲሆን፣ በብሪያ ሳቫራን ገጽ ላይ እረኛው ስም የለውም፤ ካልዲ የሚለው ስም አይገኝም። ደስ የሚለኝ ፍርዱ ነው። መንጋው ሲፈነጥዝ ያየው እረኛ የግኝቱ ክብር ግማሽ ብቻ ይገባዋል፤ ቀሪው ግማሽ ፍሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቁላት ላሰበው ሰው ነው ይላል። ዳኛ ርስት እንደሚያካፍል አድርጎ ነው ያካፈለው። ቡና ቁላ ሲባል በቤቱ የሚሸተውን የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርድ የሚቃወም አይመስለኝም።

ቀጥሎ ቡና መፈጨት ይሻላል ወይስ መወቀጥ የሚለውን ይመረምራል። ጥሩ የሞካ ቡና ቆልቶ እኩል ለሁለት ከፈለ፤ አንዱን በመፍጫ አስፈጨ፣ ሌላውን ቱርኮች እንደሚያደርጉት በሙቀጫ አስወቀጠ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ አፈላና ራሱ ቀመሰ፤ በጉዳዩ ዐዋቂ የሚላቸውንም አስቀመሰ። ሁሉም በአንድ ድምፅ የተወቀጠው ይበልጣል አሉ። ሙቀጫና ዘነዘና ከቤታችን ሳይወጣ ለኖረው ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለፓሪስ አንባቢ ግን ሙከራ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነበር። ለሕፃናት ቡና መስጠትንም አጥብቆ ይከለክላል፤ ለወላጆች የሚሰጠው ይህ ማስጠንቀቂያ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ የጠነከረው ነው።

የሕግ ሰው

ባለ ጀበና «ዳኛ ርስት እንደሚያካፍል» ያሉት ወደ ሙያዬ አመጣኝ። ይህ ሰው በ1791 የሞት ቅጣት ይሰረዝ የሚለው ሐሳብ ለጉባኤው ሲቀርብ ቅጣቱ እንዲቀር አልፈልግም ብሎ ተናግሯል። ከሁለት ዓመት ጥቂት በላይ ቆይቶ ግን ራሱ ጊዮቲንን፣ የአንገት መቁረጫውን መሣሪያ፣ ሸሽቶ አገር ለቀቀ። «የጣዕም ፊዚዮሎጂ» ውስጥ ስለዚህ ንግግር አንድ ቃል የለም። ጓደኞቹ ሲታረዱ ያየ ዳኛ ስለ ድርጭት ጥብስ መጻፉ የሥነ ጽሑፍ ጥበብ ነው ወይስ ከኃላፊነት መሸሽ? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ቅርስ ስንል የተባለውን ብቻ ሳይሆን የታለፈውንም ማየት አለብን።

የመጻሕፍት ጥግ

የሕግ ሰው፣ ከሁሉም የከበደውን አነሡ።

ስለ ንግግሩ መጽሐፉ ዝም ማለቱ እውነት ነው፤ ስለ ሽብሩ ግን ሙሉ በሙሉ ዝም አላለም። ከወጎቹ አንዱን ተመልከቱ። ከእስርና ምናልባትም ከሞት የሚያድን የይለፍ ወረቀት ለመለመን በፈረስ ወደ ዶል ከተማ ይሄዳል፤ ወረቀቱ በእጁ ያለው ፕሮ የተባለ የሕዝብ እንደራሴ ነው። መንገድ ላይ አንድ ማደሪያ ገብቶ ድርጭት ሲጠበስ ያያል፤ ተቀምጦም ከመንገደኞች ጋር በሚገባ ይበላል፣ ይጨዋወታል። ዶል ሲደርስ እንደራሴው በክፉ ዓይን ያየዋል። ያዳነችው የሰውየው ሚስት ናት፤ ሙዚቃ ትወድ ነበርና አብረው ሲዘምሩ አመሹ፣ እርሷም እንዲህ ጥበብን የሚያፈቅር ሰው አገሩን አይከዳም ብላ ወረቀቱን አሰጠችው።

ይህን ወግ ሲጽፍ አልፎ አልፎ የሚጥላቸው ቃላት አሉ፤ እስር ቤት፣ መሰቀያ፣ ስደት። በጥብሱና በዜማው መካከል ስለተቀመጡ ይበልጥ ይሰማሉ። የሰው ሕይወት በአንዲት ሴት የሙዚቃ ፍቅር ላይ የተንጠለጠለበትን ዘመን እንዲህ አድርጎ ማሳየት ሽሽት አይመስለኝም። የሞት ቅጣቱን ንግግር በተመለከተ ግን ልከራከርለት አልፈልግም፤ ዝምታው ዝምታ ነው።

ነጭ ወረቀት

አመሰግናለሁ፤ አሁን ወደ ወራሾቹ እንምጣ። ባልዛክ በ1829 «የጋብቻ ፊዚዮሎጂ» ብሎ መጽሐፍ ሲያወጣ ርእሱን ከየት እንደወሰደ ግልጽ ነው፤ በ1839ም ለብሪያ ሳቫራን መጽሐፍ አዲስ እትም ስለ አልኮል፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ቡናና ትምባሆ የሚናገር ድርሰት በአባሪነት ጽፏል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ያህል ሲቀርበው የመጽሐፉ ቦታ የት እንደሆነ ያሳያል። ከዚያ በኋላስ?

የመጻሕፍት ጥግ

ከዚያ በኋላ ሁለት ስሞች ለእኔ ዋናዎቹ ናቸው። አሜሪካዊቷ ኤም. ኤፍ. ኬ. ፊሸር በ1949 ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው በየምዕራፉ የራሷን ማብራሪያ ጨመረች፤ ማብራሪያዎቹ ከጸሐፊው ጋር የሚደረግ ጭውውት ስለሆኑ ከመቅድሙ «እኔ» ጋር ተገናኙ። ስለ ረሃብ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ፍቅር በማዕድ በኩል የጻፈቻቸው የራሷ ሥራዎችም ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት ነው፤ በ1975 ለወጣ እትም ረጅም መቅድም ጽፏል። መነሻው ሻምፓኝ መጀመሪያ ያነቃል፣ ቀጥሎ ያደነዝዛል የምትለው የብሪያ ሳቫራን አስተያየት ናት፤ ባርት ከዚህች ተነሥቶ ጣዕም በጊዜ ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚገለጥ፣ እንደ ትረካም የሚነበብ መሆኑን ያሳያል። በወጥ ቤቱ በኩል በስሙ የሚጠሩት ሳቫራን ኬክና ክሬም የበዛበት አይብ ቀርተውለታል፤ ሁለቱም ከሞተ በኋላ የተሰየሙ ናቸው እንጂ እርሱ የሠራቸው አይደሉም።

በግል መልእክት ከየት እንጀምር ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ እላለሁ። ስለ ስሜት ሕዋሳት የሚናገሩት ምዕራፎች አዲስ አንባቢን ያደክማሉ። መጨረሻ ላይ ካሉት ወጎች ጀምሩ፤ የዶልን ጉዞ፣ ቀጥሎ በጾም ቀን የቄሱን የዓሣ ኦምሌት የሚተርከውን አንብቡ። ከዚያ ወደ ቡናው ክፍል ተመለሱ። ስለ ሞት የሚናገረውን ሃያ ስድስተኛውን ተመስጦ፣ ዘጠና ሦስት ዓመት የሞላቸው የአያቱ እህት ሲሞቱ አጠገባቸው ሆኖ የጻፈበትን፣ ለኋላ አቆዩት። ፈረንሳይኛ የምታነቡ ዋናውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት በነጻ ታገኙታላችሁ፤ እንግሊዝኛ የሚቀላችሁ የፊሸርን ትርጉም ፈልጉ፣ ማብራሪያዎቿንም አትዝለሏቸው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ከሃያዎቹ አባባሎች የትኛው እውነት ሆኖ እንዳገኛችሁት፣ የትኛውም እንዳልጸናላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።